ሆድ መሙላትና መጥገብ

እናቴ እቁብ ሲደርሳት ብሩን ለእኔ አበደረችኝ። «ለምንድን ነው?» ስትለኝ «ለእርባታ» አልኳት። የምን እርባታ እንደሆነ አልነገርኳትም። እኛ ቤት አሳማ የሚባለው ለስድብ ብቻ ነው።

ከጓደኛዬ ጋር ቢሾፍቱ ዳር በረት ተከራይተን 40 ግልገል አሳማ አስገባን፤ ግማሹ የተኮላሹ ወንዶች፣ ግማሹ ሴቶች። ሥራዬ ሶፍትዌር ነውና ስሌቱ የእኔ ድርሻ ሆነ። በቆሎ ሲወደድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ፦ የመኖ ዋጋና የሳምንቱን ክብደት ተቀብሎ ርካሹን ድብልቅ ያወጣል። መልሱ ሁሌ ያው ነበር፤ በቆሎ ቀንስ፣ ፉርሽካ ጨምር። አማካይ ዕድገታቸው ብዙም አልወረደም፣ ወጪው ግን ወረደ። ደስ አለኝ።

ያስቆሙኝ መጋቢያችን አባባ ናቸው። «ልጄ፣ ሴቶቹ ሆዳቸው ሞላ እንጂ አልጠገቡም» አሉኝ። መዝገቡን በፆታ ለይቼ አየሁት። እውነታቸውን ነው።

ፉርሽካ አሰር ይበዛበታል፤ ሆድ ይሞላል፣ ጉልበቱ ግን ትንሽ ነው። አሳማ ጉድለቱን ብዙ በመብላት ለማካካስ ይሞክራል። አሰሩን አብላልቶ ጉልበት የሚያወጣለት ትልቁ አንጀት ደግሞ በግልገሉ ገና አልጠነከረም። የተኮላሸ ወንድ በተፈጥሮው በላተኛ ነው፣ ቶሎም ይሰባል፤ የእኛዎቹ ወንዶች ተቋቋሙት። ሴቷ የምትበላው ያንሳል፣ ስብ ሳታበዛ ሥጋ ታወጣለች፤ ስለዚህ የምትበላው ትንሹ መኖ ጥሩ መሆን አለበት። የእኛዎቹ ሴቶች ወደ ኋላ ቀሩ። አማካዩ ይህን ሸፈነብኝ።

ሌላም ጉድ ነበር። እኔ የምመዝነው በቁማቸው ነው፤ ገዢው የከፈለን ግን ታርደው ሆድ ዕቃቸው ከወጣ በኋላ ባለው ሥጋ ነው። አሰር ሲበላ የከረመ አሳማ አንጀቱ ይከብዳል። ለዚያ ክብደት ማንም አይከፍልም።

አሁን ሴቶቹን ለብቻ እናበላለን፤ የአኩሪ አተር ፋጉሎም እንጨምርላቸዋለን። ፉርሽካውን ለትላልቆቹ እናደርገውና መሸጫቸው ሲደርስ እንቀንሰዋለን። ፕሮግራሙ ላይ «ፆታ» የሚል ዓምድ ገብቷል።

ብሩ ሲዘገይ እናቴ ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ አሳማውንም፣ ስሌቱንም። አማተበች። ለሳምንት ያህል አልደወለችልኝም።

እስከ ዛሬ ስሙን አትጠራም። ግን ስትደውል ከብሩ በፊት የምትጠይቀኝ አንድ ነገር አለ፦ «ያ እንስሳህስ? ሴቶቹ ይጠግባሉ?»