ምስክር እና ወረቀት፦ ከካርቱም የጉዞ ማስታወሻ

(ዓመቶቹን እንደ አገሬው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ፤ የእኛን ስጠቅስ «ዓ.ም.» እላለሁ።)

አውቶቡሳችን ከፖርት ሱዳን ተነሥቶ በአትባራ በኩል ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ፣ ፀሐይ ስትወጣ ጃይሊ ደረሰ። እሳት የበላው የነዳጅ ማጣሪያ ከሩቅ ይታያል። ሲያንጎላጅ ያደረው ተሳፋሪ ሁሉ ነቅቶ ስልኩን አወጣ፤ ጎረቤት የላከለትን የቤቱን ፎቶ አጠገቡ ላለው ሰው ማሳየት ጀመረ።

«ጣሪያው አለ?»

«የለም።»

«በሩስ?»

«በሩማ አለ። የሌለው ግድግዳው ነው።»

አውቶቡሱ በሳቅ ሞላ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ግን አልሳቁም። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ከካይሮ አስዋን በባቡር፣ ከዚያ ድንበሩን በአውቶቡስ ተሻግረው አትባራ ላይ ነው የተቀላቀሉን። ሻንጣቸውን ለረዳቱ ሲሰጡ አንዲት የፕላስቲክ ፋይል ከጭናቸው አልወረደችም። «ኻልቲ፣ ልያዝልዎት?» አልኳቸው፤ አክስቴ እንደማለት ነው። «ወርቅ ቢኖረኝ እሱን ትይዝልኝ ነበር፤ ይህን ግን ራሴ እይዘዋለሁ» አሉኝ። ፋይሏ ውስጥ ያለው «ሸሃደት በሕስ» ነው። ከመሬት መዝገብ ቤት የሚወጣ፣ ቦታው የማን እንደሆነ የሚናገር፣ እኛ «ካርታ» ከምንለው ጋር የሚቀራረብ ወረቀት።

በሱዳን ሠራዊትና ፈጥኖ ደራሽ ኃይል በተባለው ታጣቂ ቡድን መካከል ጦርነቱ ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ሲፈነዳ ካርቱም ራሷ የጦር ሜዳ ሆነች። ሠራዊቱ ቤተ መንግሥቱን ከፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ያስለቀቀው በመጋቢት 2025 ነው፤ በግንቦት ደግሞ መላው የካርቱም ግዛት በእጁ መግባቱን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ሰው እየተመለሰ ነው። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት በዚያው ዓመት መጸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተመላሽ ቆጥሯል። ቁጥሩ የማይነግረን ነገር ቢኖር ተመላሹ ወደ ምን እንደተመለሰ ነው።

ዴም

ኻልቲ ሰፈራቸው ዴም መሆኑን ሲነግሩኝ ልቤ ዘለለ። አጎቴ በደርግ ዘመን ተሰዶ ዴም ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ኖሯል። ዴም ለሐበሻ እንግዳ አይደለም፤ እንጀራው፣ ቡናው፣ የአማርኛ ዘፈኑ በጎዳናው የሚሰማበት ዘመን ነበር። ሰፈሩ ራሱ የተፈናቃይ ልጅ ነው። ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ የነበሩትን የሠራተኛ መንደሮች እንግሊዞች በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥተው አሁን ያለበት ቦታ ላይ አሰፈሯቸው።

የአጎቴን በር አላገኘሁትም። የኻልቲን ግን አብረን ከፈትነው። የጣሪያው ቆርቆሮ የለም። የውኃ ታንከሩ የለም። የመብራት ሽቦው ለመዳቡ ሲባል ከግድግዳው ውስጥ ተመዝዞ ወጥቷል፤ ግድግዳው ላይ የቀረው ቦይ የጅራፍ ሰንበር ይመስላል። ካርቱሞች እንዲህ የሚዘርፉትን «ሸፍሻፋ» ይሏቸዋል። ግቢው ውስጥ የቆመ የኒም ዛፍ ብቻ ነው። ኻልቲ ጥላው ሥር ተቀመጡና ስለ ዕቃው አንድም ቃል ሳይናገሩ ፋይላቸውን ከፈቱ።

ቤቱ የተመዘገበው በሟች አባታቸው ስም ነው። ወራሾቹ አምስት ናቸው፤ አንድ ሪያድ፣ ሁለት ካይሮ፣ አንድ ካምፓላ፣ አምስተኛዋ እሳቸው። በሸሪዓው ወንድ ልጅ የሴቷን እጥፍ ይወርሳል፤ ስለዚህ ብቻቸውን የመጡት ኻልቲ ትንሹን ድርሻ ከያዙት አንዷ ናቸው። ለመሸጥ የሁሉም ፈቃድ ያስፈልጋል። ለማደስም ቢሆን ማን ስንት ያዋጣ የሚለው በዋትሳፕ ከተነሣ ወራት ሆኖታል። ውክልናው፣ «ተውኪል» የሚሉት፣ ከሦስት አገር መምጣት አለበት። «ቤቱ አምስት ባለቤት አለው» አሉኝ፣ «ጣሪያ የሚያለብሰው ግን አንድም የለም።»

እንዲያም ሆኖ ኻልቲ ዕድለኛ ናቸው፤ ወረቀት አላቸው። ወረቀት የሌለውን ሰው ያገኘሁት በማግስቱ ነው።

ሐጅ ዩሱፍ

ሐጅ ዩሱፍ ከጥቁር ዓባይ ምሥራቅ ያለ ሰፊ የድሃ ሰፈር ነው። ሱቅ ሲታ ከተባለው ገበያ ዳር አንዲት ሻይ ሻጭ ከሰል ላይ ጀበና ጥዳለች። እነሱም «ጀበና» ነው የሚሉት፤ ዝንጅብሉ ግን ጉሮሮ ይልጣል። ስለ ቤት መጠየቄን ስትሰማ አጠገቧ ወደተቀመጡ ሰው በአገጯ ጠቆመችኝ።

ከሰሜን ዳርፉር፣ ከኩቱም አካባቢ የመጡ ናቸው። «ያ ሐጅ፣ መቼ መጡ?» አልኳቸው። «አንተ ሐበሻ አይደለህ? የሰማንያ አራቱን ድርቅ ታውቀዋለህ።» አዎ፣ እናውቀዋለን፤ እኛ ሰባ ሰባት እንለዋለን። የኛ ሰው ወደ ኮረም ሲጎርፍ የእነሱ ሰው ወደ ኦምዱርማን ጎርፏል። የያኔው የኒሜሪ መንግሥት ብዙዎቹን በጭነት መኪና ወደ ምዕራብ መልሷቸዋል። እሳቸው የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበሩና አምልጠው ቀሩ። ቀጥሎ በደቡቡ ጦርነት፣ በኑባ ተራሮች፣ ከ2003 ጀምሮም በዳርፉር የተፈናቀለው ሕዝብ በካርቱም ዙሪያ በላይ በላዩ ሰፈረ። በየዘመኑም ዶዘር ተከተለው። በ2005 ሶባ አራዲ ላይ ፖሊስ ነዋሪውን ለማንሣት ሲገባ በተነሣው ግጭት ከሁለቱም ወገን ሰው ሞቷል።

ሐጁ ሦስት ጊዜ ፈርሶባቸው አራት ጊዜ ሠርተዋል። አራተኛውን አሳዩኝ። የአገሩ ጭቃ ቤት «ጃሉስ» ይባላል፤ እርጥብ ጭቃ እየተከመረ፣ እየደረቀ የሚያድግ ግድግዳ ነው። ጣሪያ ካለው ዕድሜ ይጠግባል። ጣሪያው ከተነሣ ግን ክረምት ያቀልጠዋል። እሳቸው በጦርነቱ ወደ ገዳሪፍ ሸሽተው ሳሉ ሸፍሻፋ ቆርቆሮውንና ወራጁን ወሰደው፤ ዝናብ ሲፈራረቅበት ከርሞ የቀረው እስከ ጉልበት የሚደርስ የአፈር ክምር ነው። ሐጁ በእግራቸው ጫፍ መስመሩን እየተከተሉ «ይህ መኝታ ቤት፣ ይህ ማድቤት» ይሉኛል። ሌላ ሰው ቢያየው ቤት ነበር ብሎ አይምልም።

በ2025 የካርቱም ባለሥልጣናት «ዐሽዋኢ» የሚሏቸውን፣ እኛ የጨረቃ ቤት የምንላቸውን ሰፈሮች ማፍረስ ጀምረዋል። ምክንያታቸው የወንጀለኛና የታጣቂ መደበቂያ ሆነዋል የሚል ነው። አንዱ አፍ «ወደ ከተማችሁ ተመለሱ» ሲል ሌላው አፍ «ቦታው የእናንተ አይደለም» ይላል።

«ታዲያ ወደ ዳርፉርስ?» አልኳቸው። ሐጁ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ዳርፉር ውስጥ መሬት ከጥንቱ የፉር ሱልጣኖች ስጦታ የመጣ «ሐኩራ» አለው፤ የጎሣ ርስት ማለት ነው። ጥቅምት 2020 ጁባ ላይ የተፈረመው የሰላም ስምምነት የመሬትና የሐኩራ ኮሚሽን እንዲቋቋም ደንግጎ ነበር። ግን ጥቅምት 2025 ኤል ፋሸር በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ወደቀች። «የአባቴን ርስት የሚያውቁት ሰዎች ወይ ሞተዋል፣ ወይ ቻድ ናቸው» አሉኝ።

ሸሃዳ

የሱዳንን የመሬት ሕግ ለሚያውቅ የሐጁ ነገር አያስገርምም። እንግሊዞች በ1925 የመሬት ምዝገባ ሕግ አወጡ፤ በ1970 የኒሜሪ መንግሥት ያልተመዘገበ መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው አለ፤ በ1984ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ይኸው መርሕ ጸና። የሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.ን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ለሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ ጣዕሙ አዲስ አይደለም። ልዩነቱ፣ ሱዳን ውስጥ መዝገቡ ላይ የገባው ባለቤት ሆኖ ሲቀር፣ ያልገባው ዐርባ ዓመት ቢኖርም እንግዳ ነው።

ሐጁን «ምንም ሸሃዳ የለዎትም?» አልኳቸው፤ ወረቀቱን ማለቴ ነው። «እንዴት አይኖረኝም!» ብለው ሻይ ሻጯንና ማዶ ያለውን ብረት በያጅ ጠሩ። ሁለቱም ሐጁ ከየት እስከ የት እንደኖሩ እየተቀባበሉ ነገሩኝ። በዐረብኛ ሸሃዳ ወረቀትም ነው፣ ምስክርነትም ነው፣ የእምነት ቃልም ነው። እኛስ ብንሆን «የምስክር ወረቀት» ስንል ምስክሩን አይደል የምናስቀድመው? ወረቀቱ የመጣው ምስክሩ የተናገረውን ለመያዝ ነው። ኋላ ግን ምስክሩን አስወጥቶ ብቻውን ተቀመጠ።

ዓለም ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። በ2005 የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያ ፓውሎ ሰርጂዮ ፒኔሮ ያዘጋጁት የስደተኞችና የተፈናቃዮች ንብረት አመላለስ መርሆዎች፣ በዐሥራ ስድስተኛው አንቀጽ፣ ተከራይንና ባለቤት ያልሆነ ነዋሪንም ይጨምራሉ። አጎቴም፣ ሐጁም እዚያ ውስጥ አሉ። ካርቱም ውስጥ ግን መርሆውን የሚያስፈጽም ጠረጴዛ አላየሁም።

ስለዚህ ፍርዴን ልስጥ። ተፈናቃይ መመለሱን የሚወስነው የተኩሱ መቆም ብቻ አይደለም፤ «እዚህ ኖሬ ነበር» ሲል የሚሰማው መኖሩ ነው። ለኻልቲ የሚያስፈልጋቸው ለወራሾች ፈጣን ውክልና ነው። ለሐጁ የሚያስፈልጋቸው ከዶዘሩ በፊት የሚመጣ፣ የጎረቤት ቃል የሚመዘግብ ሰው ነው። ይህ ለካርቱም ብቻ የተነገረ አይደለም። በአገራችንም ከቀዬው ተነቅሎ መጠለያ ውስጥ የሚኖር ብዙ ወገን አለና፣ አንባቢ ሆይ፣ ከመካከላቸው የምታውቀው ካለ የድንበርተኞቹን ስም ጠይቀህ ዛሬውኑ ጻፍለት። የተቃጠለ ወረቀት ግልባጭ ይገኝለት ይሆናል። የሞተ ምስክር ግን ግልባጭ የለውም።