ለጥንብ አንሳ ማን ያልቅስለት?

የጅባት ደን ጦጣ ፎቶ ከጠዋት ጀምሮ ሲዘዋወር አያችሁት አይደል? ልብ፣ እንባ፣ «ወይኔ ሲያሳዝን»። እኔም አንድ እንባ ጣል አድርጌያለሁ። ቡቱርሊኒ የሚሉት ይህ ጦጣ ከምዕራብ ኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም፤ ደኑም እየተቆራረጠበት ነው። ደግነቱ ተመራማሪ አላጣም፤ ባልተነካው ደንና በተቆራረጠው ውስጥ አኗኗሩን ያነጻጸረ ጥናት በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

ግን ከለጣፊዎቹ አንዱ (ራሱን ያውቃል) ዛሬውኑ ቄራው አጥር ላይ ያሉትን ጥንብ አንሳዎች በድንጋይ ሲያባርር ነበር። ያችን ቡናማ፣ አናቷ የተመለጠ፣ ሙዳ ሥጋ የምትጠብቀዋን ትንሿን ማለቴ ነው። በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ጦጣው «ለአደጋ የተጋለጠ» ነው። እሷ ግን ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ለመጥፋት እጅግ የተቃረበች» ናት፤ ሁለት እርከን ትብሳለች! አንድ እንቁላል ብቻ ጥላ የምታሳድግ ወፍ ስታልቅ ቶሎ አትተካም። በየቀኑ ስለምናያት የማታልቅ መሰለን፤ መልኳም አላገዛት፣ ስሟ ራሱ ስድብ ነው።

አሞራ ሲነሳ ቡቺ ትዝ አለኝ። ባለፈው ክረምት ሌሊት መርዝ የተቀባ ሥጋ ሰፈራችን ውስጥ ጥሎ የሄደ ሰው አለ። ቡቺ ሌባን ጭራውን እየቆላ የሚቀበል፣ እኔን ግን የሚነክስ ውሻ ነበር። ቢሆንም ውሻዬ ነበር! ጎረቤታችን እትዬ «ተይ ልጄ፣ ውሻ ነው፣ ሌላ ታመጫለሽ» አሉኝ። ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም (ቡና ጠጥቻለሁ)። በዚያው ሥጋ አብረውት የሞቱትን የሌሎቹን ውሾች ሬሳ ወንዝ ዳር ጣሉት። የወረዱበት አሞሮችም እዚያው ወድቀው ቀሩ። ለእነሱ ማንም «ሌላ ታመጫለሽ» አላለም።

ጥንብ አንሳ ሲያልቅ ምን እንደሚከተል ህንዶች አይተውታል። እኔ ወገቤን ሲያመኝ የምወጋው ዳይክሎፌናክ ለከብት ይሰጥ ነበር፤ የሞተውን ከብት የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ እየተበላሸ ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆነው አለቀ። በ2006 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱን ለከብት ከለከሉ። እስከዚያ ጥንቡን የወረሱት ውሾች በዝተው ነበር። ውሻ ለመቀነስ መርዝ የሚጥለው የኛ ሰው እንግዲህ ሒሳቡን ይሥራ።

ዝንጀሮዋ «ቅድሚያ የመቀመጫዬን» ብላ የለ? ለጅባቱ ጦጣ አልቅሱ፣ ደግ ነው። ሥጋ ላይ መርዝ የምትቀቡ ግን፣ በእናታችሁ፣ ተዉ።