ከተሞክሮዬ፦ ለላፕቶፕ የሚስማማ ቻርጀር ፍለጋ

ላፕቶፕ ለብዙ ቤተሰብ በወራት ቁጠባ የሚገዛ ዕቃ ነው። ቻርጀሩ ሲቃጠል ግን ምትኩ የሚገዛው እንደ ስልክ ሽፋን ነው፤ ጫፉ ገባ፣ መብራቷ በራች፣ ሒሳቡ ተከፈለ። በቤተሰባችንም በመሥሪያ ቤታችንም ቻርጀር ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ የሚደወለው ለእኔ ስለሆነ፣ ጫፉ ስለገባ ብቻ የተገዛ ቻርጀር ማዘርቦርዱን ይዞት ሲሄድ አይቻለሁ። ማሽኑ የመመረቂያ ጽሑፍ ያለበት ሲሆን ደግሞ ያንገበግባል። ስለዚህ የተማርኩትን ላካፍል።

1. በመጀመሪያ የተበላሸው የቱ እንደሆነ ይለይ

የእህቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ደውላ «ጋሼ፣ ቻርጀሬ ተቃጠለ፤ መግዣ ላክልኝ» ስትለኝ፣ ቀድሜ የምጠይቃት «ከሶኬቱ እስከ ሳጥኑ ያለውን ገመድ ቀይረሽ ሞክረሻል?» ብዬ ነው። ይህ ገመድ ተነቃይ ነው። ሦስት ቀዳዳ ያለው ዓይነት በብዙ ላፕቶፖች ላይ አንድ ስለሆነ ከጓደኛ ተውሶ መሞከር ይቻላል። ዲቫይደሩን ትቶ በቀጥታ ግድግዳው ላይ መሰካትም አይረሳ። ቻርጀሩ ገመዱ ሲታጠፍ ብቻ የሚሠራ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ ሥር ሽቦ ተበጥሷል ማለት ነው፤ ጥሩ ጠጋኝ ቆርጦ በብየዳ ይመልሰዋል። የሚስማማ ሌላ ቻርጀር ተሰክቶም ዝም ካለ ችግሩ ከላፕቶፑ መሰኪያ ወይም ከውስጡ ነውና ቻርጀር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

2. ከሳጥኑ ጀርባ ያለው ጽሑፍ ይነበብ

ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ሻጮች የሚጠይቁት «ዴል ነው? ኤችፒ ነው?» ብለው ነው። የማሽኑ ስም ግን በቂ መልስ አይደለም፤ የአንድ ድርጅት ላፕቶፖች ራሳቸው የተለያየ ቻርጀር ይፈልጋሉ። ጀርባው ላይ «አውትፑት» በሚለው ሥር ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ቮልትና አምፔር።

ቮልቱ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት። የዴልና የኤችፒ በብዛት 19.5፣ የሌኖቮ 20፣ የኤሰርና የቶሺባ 19 ነው። በ19 እና በ19.5 መካከል ያለችው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት አታመጣም፤ የ12 ወይም የ24 ቮልት ቻርጀር ግን ጫፉ ቢገባም አይሰካም።

አምፔሩ ደግሞ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። «አምፔሩ ከበዛ ያቃጥለዋል» የሚለውን ከብዙ ሰው እሰማለሁ፤ ልክ አይደለም። ላፕቶፑ የሚስበው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው። አደጋው ሲያንስ ነው፤ ትንሹ ቻርጀር ከአቅሙ በላይ እየሠራ ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል። ሁለቱን ቁጥሮች ማባዛት ዋቱን ይሰጣል፦ 19.5 በ3.34 ሲባዛ 65 ዋት ገደማ፣ በ4.62 ሲባዛ 90 ዋት ገደማ። 90 ዋት የሚፈልግ ማሽን ላይ የ65 ዋት አይሰካ፤ በተቃራኒው ግን ቮልቱና ጫፉ አንድ እስከሆኑ ድረስ ችግር የለውም።

የአሮጌው ጽሑፍ ተፍቆ ከሆነ የላፕቶፑን ሆድ ገልብጦ ማየት ነው፤ ብዙዎቹ ላይ የሚፈልጉት ቮልትና አምፔር ተጽፏል።

3. የመካከሏ መርፌ

የዴልና የኤችፒ ትልቁ ክብ ጫፍ ውጩ 7.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲያዩት አንድ ይመስላል፣ አንዱ ሌላው ውስጥም ይገባል። መሐል ላይ ያለችው ቀጭን መርፌ ግን ኃይል አታስተላልፍም፤ የቻርጀሩን ማንነት ለማሽኑ ትነግራለች። ዴል በዚህች መስመር የሚያነበው ትንሽ ቺፕ ቻርጀሩ ውስጥ አለ። ካላገኘው ላፕቶፑ ይበራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም፤ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ሱቅ ውስጥ «ይኸው ሠራ!» ተብሎ ቤት ሲገባ ባትሪው የማይሞላው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ብዙ ጫፍ ይዞ «ለሁሉም ይሆናል» የሚባለውን ቻርጀር የማልመክረውም ለዚሁ ነው።

4. መብራት ሲሄድ ይነቀል

መብራት ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። ጥቂት ደቂቃ ታግሶ መሰካት ቻርጀሩንም ማሽኑንም ያተርፋል።

5. ከውጭ የሚላክ ከሆነ

አሜሪካ ወይም ዱባይ ላለ ዘመድ «የሌኖቮ ቻርጀር ላክልኝ» ማለት አይበቃም። የጀርባውን ጽሑፍና የጫፉን ፎቶ እልካለሁ፤ ጫፉን ማስመሪያ አጠገብ አስቀምጬ ነው የማነሳው። ከአሜሪካ የመጣ ቻርጀር በእኛ 220 ቮልት ይቃጠላል ብሎ መፍራት አያስፈልግም፤ «ኢንፑት» በሚለው ሥር ከ100 እስከ 240 ቮልት ከተጻፈ ይሠራል። የሚለየው የግድግዳው ገመድ ብቻ ነው፤ እሱን ከዚህ መግዛት ይቻላል።

6. ዩኤስቢ ታይፕ ሲ

አዲሶቹ ላፕቶፖች ነገሩን አቅልለውታል። በታይፕ ሲ ቻርጀሩና ማሽኑ መጀመሪያ በ5 ቮልት ይገናኛሉ፣ ተስማምተው ነው እስከ 20 ቮልት የሚወጡት። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ባወጣው ሕግ አዲስ ላፕቶፖችም ከኤፕሪል 28 ቀን 2026 ጀምሮ በዚሁ መሰኪያ ቻርጅ እንዲደረጉ ማዘዙ ለእኛም የሚተርፍ ይመስለኛል፤ አምራቾች ለእያንዳንዱ አገር ሌላ ማሽን አይሠሩም። ዋቱ ግን አሁንም ይታይ፤ የስልክ 20 ዋት ቻርጀር 65 ዋት ለሚፈልግ ላፕቶፕ አይበቃም። ከ60 ዋት በላይ ሲሆን ገመዱም 5 አምፔር የሚችል መሆን አለበት። የታይፕ ሲ ቀዳዳ ሁሉ ኃይል እንደማይቀበልም ይታወቅ።

7. ሱቅ ውስጥ

መርካቶም ሆነ መገናኛ ስሄድ ላፕቶፑንና አሮጌውን ቻርጀር ይዤ ነው። ባትሪውን ቀድሜ ወደ ግማሽ አወርዳለሁ፤ ሙሉ ከሆነ አዲሱ ቻርጀር በትክክል መሙላቱን ማየት አይቻልም። ሁለቱን ሳጥኖች በእጄ እመዝናለሁ፤ ዋቱ እኩል ተብሎ ክብደቱ በጣም የቀለለ ከሆነ እጠረጥራለሁ። ከአዲስ ፎርጅድ ይልቅ ያገለገለ ኦርጅናል እመርጣለሁ።

ከሰካሁ በኋላ ቪዲዮ ከፍቼ ግማሽ ሰዓት ያህል እቆያለሁ። ሳጥኑ ቢሞቅ ያለ ነው፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ፣ ከሸተተ ወይም ድምፅ ካሰማ እመልሰዋለሁ። ስንስማማ ቮልቱን፣ አምፔሩንና የመመለሻውን ቀን ደረሰኙ ላይ አስጽፋለሁ። ሻጩ ይህን ለመጻፍ ካመነታ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ወደሚቀጥለው ሱቅ አልፋለሁ።