ስም የለሹ ተዋናይ

ተውኔት የሚጽፍ ሰው የገጸ ባሕርያቱን ዝርዝር ሲያሰናዳ ከመጨረሻው ላይ «መንደርተኞች»፣ «ወታደሮች» ብሎ በጅምላ የሚያልፋቸው አሉ። መጋረጃው ከተከፈተበት ጊዜ አንሥቶ መድረኩን ሞልተው ይታያሉ፤ ስም ግን የላቸውም። ስለ ላይከን ባነበብሁ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ እነዚሁ ናቸው።

ላይከን በዛፍ ቅርፊትና በድንጋይ ላይ እንደ ሽበት ተንጠልጥሎ ወይም እንደ ዱቄት ተነስንሶ የሚታየው ፍጥረት ነው። ተክል ቢመስልም ተክል አይደለም፤ ስዊዘርላንዳዊው ሲሞን ሽቬንደነር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ እንዳስረዳው የፈንገስና የአልጌ ማኅበር ነው። ፈንገሱ ቤት ይሆናል፤ አልጌው ከፀሐይ ብርሃን ቀለብ ያሰናዳል። በዘመኑ ስመ ጥር የነበሩ ሊቃውንት ይህን አሳብ አጥብቀው ተቃውመውት ነበር፤ አንድ የሚመስለው አካል ሁለት ነው ማለት በቀላሉ የሚዋጥ አልነበረምና።

በምሥራቃዊ አሜሪካ በተዘረጋው፣ መካከለኛ የአየር ጠባይ ባለው የአፓላችያን ተራራማ ደን የዕፀዋት ተመራማሪዎች ከ18ኛው ምእት ዓመት ጀምሮ ተመላልሰውበታል። ይሁን እንጂ ጄሲካ አለንና ጄምስ ሌንደመር የተባሉ ተመራማሪዎች በዚያው ደን በዛፍ ቅርፊት ላይ የሚኖር፣ በሳይንስ መዝገብ ያልሰፈረ አዲስ የላይከን ዝርያ ይፋ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ዝርያው በአንድ ገደል ሥር የተሸሸገ ብርቅ ነገር አልነበረም፤ በተራሮቹ ላይ በስፋት የሚገኝ ነው እንጂ።

ታዲያ ስለምን ሳይታወቅ ኖረ? ላይከንን ከላይከን ለመለየት ዓይን ብቻውን አይበቃም። ናሙናው በአጉሊ መነጽር ይመረመራል፤ የኬሚካል ጠብታ ይንጠባጠብበትና የቀለሙ ለውጥ ይጤናል፤ በውስጡ የሚገኙት አሲዶች ይለያሉ። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ የላይከን ስም ግን የሚገኘው በድካም ነው።

ስሙንም ጃፔዊየላ ዶሊፓርቶኒያና አሉት፤ በዚያው አካባቢ፣ በቴነሲ ክፍለ ሀገር፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ለተወለደችው ድምፃዊት ለዶሊ ፓርተን ክብር ሲሉ። አንድ ወዳጄ ይህን ሰምቶ «ሳይንስን ከዘፈን ምን አገናኘው?» ሲል ሳቀ። እኔ ግን ለአንድ ከያኒ ከሐውልት የሚበልጥ ክብር ሆኖ ይታየኛል። ሐውልት ሕይወት የለውም፤ ይህ ስም የተሰጠው ግን ለሚተነፍስ ፍጥረት ነው። ደኑ ከኖረ አብሮ ይኖራል፤ ደኑ ከተመነጠረ ስሙ ባለቤት ያጣል።

የስም ትልቁ ቁም ነገርም ይኸው ይመስለኛል። የምናውቀው ሲጎዳ «እገሌ ተጎዳ» ብለን እንጮኻለን፤ ስም የሌለው ሲጠፋ ግን መጥፋቱን የሚናገር፣ ሙሾ የሚያወርድለትም አይገኝም።