ወደቡ ሲዘጋ

በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በሰፎክ ግዛት፣ ዳንዊች የምትባል መንደር አለች። አንድ መንገድ፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ አንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ትንሽ ሙዚየም፣ ባሕሩ ዳር ደግሞ ዓሣና ድንች ጥብስ የሚሸጥ ቤት፤ ከዚህ ብዙም አያልፍም። ነዋሪዎቿ ሁለት መቶ አይሞሉም። ከለንደን በባቡር የመጣ ሰው ዳርሻም ጣቢያ ወርዶ የቀረውን በታክሲ ወይም በእግር ይዘልቀዋል። እኔ በእግሬ ሄድኩ። መንገዱ በእርሻና በጫካ መሀል ያልፋል፤ ባሕር መኖሩ የሚታወቀው መንደሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ስለ ዳንዊች የሚነገረው ተረት በማዕበል ጊዜ ከባሕር ሥር የአብያተ ክርስቲያናት ደወል ይሰማል የሚል ነው። ያማረ ተረት ነው፤ እኔ ግን ከእውነተኛው ታሪክ ሰውን ያዘናጋል ባይ ነኝ። ደወሉን የሰማ ሁሉ ከተማው በአንድ ሌሊት የሰጠመ ይመስለዋል። ዳንዊች ግን በአንድ ሌሊት አልሞተችም። መጀመሪያ የሞተው ወደቧ ነው።

በ1086 (እ.ኤ.አ.) ንጉሥ ቀዳማዊ ዊሊያም አገሩን ሲያስቆጥር ዳንዊች ሦስት አብያተ ክርስቲያናት ነበሯት፤ ግብሯም 50 ፓውንድና 68,000 ሄሪንግ ዓሣ ነበር። በዚያው መዝገብ ላይ ከሁለት ማሳ መሬቷ አንዱን ባሕር እንደወሰደው ሰፍሯል። እንግዲህ አደጋው ከጥንት ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ቢሆንም ከተማው አደገ። በ1199 ንጉሥ ጆን የራሷን አስተዳደር የሚያጸና የመብት ደብዳቤ ሰጣት። ሱፍና እህል ይወጣል፣ የፈረንሳይ ወይን ይገባል፣ መርከብ ይሠራል፣ ዓሣ ይጠመዳል። በሙዚየሙ ውስጥ የዚያ ዘመን ከተማ በትንሽ ቅርጽ ተሠርቶ ይታያል፦ ጠባብ መንገዶች፣ የገበያ ቦታ፣ የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ማማዎች፣ የመነኮሳት ገዳማት። ቅርጹን ዞሮ ላየ ሰው የዛሬዋ መንደር ከከተማው ውጭ፣ በስተ ምዕራብ ጫፍ የቀረች ቁራሽ ናት።

ከተማው እንዴት እንደጠፋ ለመረዳት መሬቱን ማየት ያስፈልጋል። በባሕሩ ዳር ካለው ገደል ሥር ቆሜ ግድግዳውን በጣቴ ጫር ሳደርገው አሸዋው ወዲያው ተንዶ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ዓለት የሚባል ነገር የለበትም፤ አሸዋ፣ ከአሸዋው በላይ የተድቦለቦለ ጠጠር፣ ከዚያ ደግሞ አሸዋ። ከፍ ብሎ ወፎች የቆፈሯቸው የጎጆ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ባሕሩ ይህን ግርጌ ሲበላው ከላይ ያለው ይናዳል፤ የተናደውን ደግሞ ሞገዱ በጠረፉ ላይ እየጎተተ ይወስደዋል። ከዚህ ጠጠር ነው በከተማው ፊት ለፊት ረጅም የጠጠር ምላስ ተዘርግቶ የነበረው። በዚያ የሚያልፍ ወንዝ ከምላሱ ጀርባ ወደ ባሕር ይወጣ ነበር፤ መርከቦቹም እዚያ ከሞገድ ተጠልለው ይቆሙ ነበር። ወደቡን የሠራው ጠጠሩ ነው።

የዘጋውም እሱ ነው። በ1286 መጨረሻ፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ የመጣው ማዕበል ብዙ ጉዳት አደረሰ። በጥር 1328 ደግሞ ሌላ ማዕበል ጠጠሩን አንከባሎ የወደቡን አፍ ደፈነው። ወንዙ ወደ ሰሜን ዞሮ በጎረቤቷ በዎልበርስዊክ በኩል ሌላ መውጫ አገኘ። መርከቦቹም ወንዙን ተከትለው ሄዱ። የዳንዊች ሰዎች ቆፈሩ፣ የመርከቦቹ ቀረጥ የእኛ ነው ብለው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተጣሉ፣ ተካሰሱ፤ ነጋዴው ግን አልተመለሰም። በ1347 ማዕበል አራት መቶ ያህል ቤቶች ጠፉ። ማዕበል ሌሎች ከተሞችንም ይመታል፤ ገቢ ያለው ከተማ ይጠግናል፣ ግንብ ይሠራል፣ ሰዉን ይዞ ይቆያል። ዳንዊች የምትጠግንበት አልነበራትም። በ1677 ባሕሩ ገበያው ቦታ ሲደርስ ከተማው ከተዳከመ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

ስለ አዱሊስ ያነበበ ኢትዮጵያዊ እዚህ ሲቆም ያንን የአክሱም ወደብ ማሰቡ አይቀርም። የአዱሊስ ፍርስራሽ ዛሬ ከዙላ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ርቆ በደረቅ መሬት ላይ ነው። እዚያ ባሕሩ ከከተማው ሸሸ፣ እዚህ መጥቶ ዋጠው።

ለእኔ ከሁሉ የሚገርመው ወረቀቱ ከመሬቱ መቆየቱ ነው። ዳንዊች እስከ 1832ቱ የምርጫ ሕግ ድረስ ሁለት እንደራሴዎች ወደ ፓርላማ ትልክ ነበር። በዚያ ዘመን በብዙ ሺህ ሕዝብ የሚኖርባቸው አዳዲስ የፋብሪካ ከተሞች፣ ማንቸስተርን ጨምሮ፣ የራሳቸው እንደራሴ አልነበራቸውም። አብዛኛው ባሕር ውስጥ የገባ ከተማ ወንበሩን ይዞ ሲቆይ ሕይወት ያለው ከተማ ደጅ ይጠና ነበር። ይህ በጣም ያናድደኛል፤ እንግሊዞችንም በመጨረሻ አናድዷቸው ሕጉን ለወጡት።

ከጥንቶቹ የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ገደሉ ጫፍ ላይ እስከ መጨረሻው የቆየችው የቅዱሳን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ናት። በ1904 መናድ ጀመረች፤ ማማዋ በ1919 ወደቀ። ከመቃብር ቦታዋ አጥንት ከገደሉ ወደ ባሕሩ ዳር ይወርድ ነበር። ከ2008 ጀምሮ በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ሲር የተመራ ቡድን በድምፅ ሞገድ የባሕሩን ወለል ካርታ አነሳ። ውኃው በጣም ድፍርስ በመሆኑ ጠላቂ ከክንዱ አሻግሮ ማየት ይቸግረዋል፤ መሣሪያው ግን የአንዳንዶቹን አብያተ ክርስቲያናት የድንጋይ ክምር ለየ።

በየብስ የቀረው ጥቂት ነው። የፍራንሲስካን ገዳም ቅጥር ገደሉ አጠገብ ቆሟል፤ መነኮሳቱ ከ1286ቱ ማዕበል በኋላ ወደ ውስጥ ገባ ብለው የሠሩት ነው። ቅዱስ ያዕቆብ የምትባለው የመንደሯ ቤተ ክርስቲያን በ1830ዎቹ መጀመሪያ የታነጸች ናት። በቅጥሯ ውስጥ በግማሽ ክብ የተሠራ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ግንብ አለ፤ የለምጻሞች ሆስፒታል ጸሎት ቤት የነበረ ነው። ያኔ ሕመምተኞቹን ከከተማው በር ውጭ፣ በስተ ምዕራብ ነበር ያስቀመጧቸው፤ የሀብታሞቹ ሰፈር ባሕር ገብቶ የእነሱ መሬት ቀረ። ከቅዱሳን ሁሉ ፍርስራሽ የተረፈውን አንድ የግንብ ድጋፍ የመንደሩ ሰዎች ያመጡት ወደዚሁ ቅጥር ነው። ከሙዚየሙ እዚያ ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ በቂ ነው፤ ሆኖም በዚያ ቀን ያየሁት ጎብኚ ሁሉ የሚያመራው ወደ ባሕሩ ነበር።