የጥንት ሥራን ስለ መጐብኘት

የቀደሙ አባቶቻችንን ሥራ ለማየት መንገድ የሚነሣ ሰው በዘመናችን በዝቷል። ከወረታ ተነሥቶ ደብረ ታቦርን፣ ንፋስ መውጫንና ጋሸናን እያለፈ ወደ ላሊበላ የሚሄደው መንገደኛ ልቡም ዓይኑም በሮሐ ላይ ነው። መሄዱ ደግ ነው፤ ከአንድ ዐለት ተፈልፍለው የቆሙትን አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው ያየውን አይረሳም። ነገር ግን በጋይንት ምድር ሲያልፍ ተራራውንና የገብሱን ማሳ ብቻ አይቶ «እዚህ ደግሞ ምን አለ?» ይላል። ጥያቄው መልስ የሚገባው ስለ ሆነ፣ በዚያ አገር ካየሁት ሁለቱን ለአንባቢ ላቀርብ ወደድሁ።

የመጀመሪያዋ የጋይንቷ ቤተልሔም ናት። ለቤተ ክርስቲያን ሰው ቤተልሔም ማለት የድጓ ምስክር ቤት ናት። ከየአገሩ ድጓ የተማረ ሁሉ መምህር ለመሆን ሲያስብ ወደዚያ ሄዶ ያስመሰክራል። በዜማው ስልት ስሟ ከቆማና ከአጫብር ጋር ይነሣል፤ ከሦስቱም ይልቅ በሀገራችን የተስፋፋው የእርሷ ስልት ነው። እኔም በጕብዝናዬ ወደዚያ የወረድሁ ስለ ዜማው ነበር።

ቤተ ክርስቲያኗን ከውጭ ለሚያያት ሰው እንደ ማናቸውም የገጠር ደብር ክብ ናት። ወደ ውስጥ የገባ ግን በክቡ ቤት መካከል ሌላ ቤት ቆሞ ያገኛል፤ ይኸውም በአክሱም ዘመን የአሠራር ፈለግ በጠርብ ድንጋይና በእንጨት የተሠራ፣ ባለ አራት ማዕዘን የሆነ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1955 ቶማስ ፓክንሃም የሚባል ወጣት መንገደኛ ይህን አይቶ ተደነቀ፤ በ1959 ባሳተመው መጽሐፍም ስለ እርሷ ለዓለም ነገረ። ከዚያ ወዲህ አንዳንዶች «ቤተልሔም ተገኘች» ይላሉ። ካህናቱ ግን በየዕለቱ ማሕሌት የሚቆሙባት ስለ ሆነች ከእነርሱ ዘንድ ጠፍታ አታውቅም። መገኘቷ ለእንግዳው እንጂ ለባለቤቱ አይነገርም።

ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ሲያይ ሰምና ወርቅን ማሰቡ አይቀርም። ክቡ ቤት ሰም ነው፣ በውስጡ ያለው ወርቅ ነው። በሰሙ ረክቶ የተመለሰ ሰው ወርቁን አላገኘም። ሰሙን ገፍፎ ወርቁን ብቻ ላውጣ የሚልም ቅኔውን ያፈርሰዋል፤ የውስጡን ድንጋይና እንጨት ከክረምት ዝናብ ሲጠብቅ የኖረው ያው የውጭው ቤት ነውና።

ሁለተኛው በዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ነው። ቀድሞ በእስቴ ሥር የነበረውን እንዳቤትን ከጎጃሙ ሞጣ ያገናኛል። በዐፄ ፋሲል ዘመን (ከ1632 እስከ 1667 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) በኖራ እንደ ተገነባ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገርበት መካከለኛውን ቅስት ሰበሩት፤ ስሙም ከዚያ ወጣ። ጠላት ከሄደ በኋላ ግን ስብራቱ ስድሳ ዓመት ያህል እንዳለ ቀረ። የአገሩ ሰው ገደል በሆነው ክፍተት ላይ ገመድ ዘርግቶ፣ አንዱ ወገን ሲለቅ ሌላው ሲስብ ይሻገር ነበር። ገበያተኛው፣ እህሉና ፍየሉ ያለፉት በዚህ ነው።

የቤጌምድር የዜማ ተማሪ ቅኔ ሲፈልግ ወደ ጎጃም ይሻገራልና፣ እኔም ደበሎዬን ለብሼ አኮፋዳዬን አንግቼ በዚያ ገመድ ታስሬ አልፌአለሁ። ውኃው ከበታቼ ሲጮኽ ጕልበቴ ራደ። ከወዲያ ማዶ ገመዱን የያዙ አንድ ሽማግሌ «ዲያቆን፣ ወደ ታች አትይ፤ እኛን እይ!» አሉኝ። እጃቸው በገመድ የተላጠ ነበር። የአርበኞቹ ውለታ ታላቅ ነው፤ ዋጋውን ግን እንደዚህ ያሉ ክንዶች ዕድሜ ልካቸውን ሲከፍሉት እንደ ኖሩ ያን ቀን ተረዳሁ።

ብዙ መንገደኛ ያን ስብራት በፎቶግራፍ አንሥቶ፣ አድንቆ ሄዷል። በ2001 ግን ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፉን አይቶ ዝም ማለት አልቻለም፤ ማኅበር አቋቁሞ መጣና ከአገሩ ሰው ጋር ክፍተቱን በብረት ጠገነው። በ2005 ጐርፍ ብረቱን ወሰደው፤ በ2009 ደግሞ በገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ያ ሰው ከሌሎቹ የተለየ ዓይን አልነበረውም፤ ሌሎቹ ፍርስራሹን ሲያዩ እርሱ ግን በገመድ ላይ የተንጠለጠለውን ሰው አየ።

አንዳንድ ሊቃውንት የፈረሰ ነገር እንደ ፈረሰ ሲቆይ ታሪኩ ይጠበቃል ይላሉ። አባባሉ ለፈረሰ ቤተ መንግሥት ይስማማ ይሆናል፤ ድልድይ ግን የሚያስታውሰው ሰውን ሲያሻግር ነው። የፋሲል ግንበኞች ወገን እንዲሻገር ሠሩት፤ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገር ሰበሩት፤ የጠገኑትም የፊተኞቹን ፈቃድ ፈጸሙ። ሦስቱም ለሕዝቡ ብለው ስላደረጉት ሥራቸው አንድ ነው።

እንግዲህ ወደ ላሊበላ የምትሄድ ወንድሜ ሆይ፣ በጋይንት ስታልፍ ጥቂት ቀን ጨምር። ቤተልሔም ስትደርስ ግድግዳውን ካደነቅህ በኋላ ከጎጆው በር ተቀምጦ ድጓውን የሚቀጽለውን ተማሪ ምን እንደሚበላ ጠይቀው፤ ለስንቁ የሚሆን ጥቂት ነገርም ተውለት። ጠርቡን ድንጋይ እስከ ዛሬ ያቆዩት በውስጡ የሚዘምሩት ናቸውና።