ስለ መብራትና ስለ ቀለም፤ በሮማ የሲስቲና ጸሎት ቤት

ወደ ሮማ የሚሄድ መንገደኛ ሳያየው ሊመለስ ከማይገባው ቦታ አንዱ በቫቲካን የሚገኘው የሲስቲና ጸሎት ቤት ነው። ርዝመቱ 40፥ ወርዱ 13፥ ከፍታው 20 ሜትር ያህል ይሆናል። ጣራውን ታላቁ ሠዓሊ ሚኬላንጄሎ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1508 እስከ 1512 ሣለው። ከዚያ በኋላ የሻማው ጥላሸትና ለእድሳት ሲባል የተቀባው ሙጫ ሥዕሉን ስላጠቈረው፥ ብዙ ሰዎች ሚኬላንጄሎን የጨለመ ቀለም የሚወድ ሠዓሊ አድርገው ገመቱት። ከ1980 እስከ 1994 በተደረገው ጠረጋ ግን ብሩህ ቢጫ፥ ለምለም አረንጓዴና ሐምራዊ ተገለጠ።

ይሁን እንጂ ሥዕሉን መጥረግ ብቻ አልበቃም። የፀሐይ ብርሃን ቀለሙን እንዳይጐዳው መስኮቶቹ ስለ ተጋረዱ፥ ተመልካቹ ያን ሁሉ ውበት የሚያየው በደካማ መብራት ነበር። ስለዚህ በ2014 ኤል ኢ ዲ የሚባሉ 7,000 ያህል ጥቃቅን መብራቶች ተተከሉ። ባለሙያዎቹም አስቀድመው በሥዕሉ ላይ በ280 ያህል ነጥቦች ቀለሙን በመሣሪያ መርምረው፥ የመብራቱን ጨረር ለዚያ እንዲስማማ አደረጉት።

ይህን ያህል የተደከመበት ምክንያት እንዲህ ነው። ቀይ ጨርቅ ቀይ ሆኖ የሚታየው ከመጣለት ብርሃን ውስጥ ቀዩን ጨረር መልሶ ሌላውን ስለሚውጥ ነው። መብራቱ ቀይ ጨረር ከሌለው ጨርቁ የሚመልሰውን ያጣል፤ ጠቍሮም ይታያል። በአንዳንድ የኤውሮፓ ጐዳና ተተክሎ የነበረው አንዱ ዓይነት የሶዲየም መብራት ቢጫ ጨረር ብቻ ስለሚሰጥ፥ ከሥሩ የቆመ ሰው ልብሱ ምንም ዓይነት ቢሆን ቢጫና ግራጫ ይመስላል።

መብራት ቀለምን ምን ያህል በእውነት እንደሚያሳይ ለመለካት ሊቃውንት እስከ 100 የሚደርስ ቍጥር አውጥተዋል። በፈትል የሚበራው አምፖል ወደ 100 ይጠጋል፤ ዳሩ ግን ሰማያዊ ጨረሩ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ጥቍሩን ጨርቅ ከጥቍር ሰማያዊው ለመለየት ያስቸግራል። ደግሞም ቍጥሩ የሚወጣው በ8 ፈዛዛ ቀለሞች ስለ ሆነ፥ 80 ያገኘ መብራት ደማቁን ቀይ ሊያደበዝዘው ይችላል።

በጸሎት ቤቱ ጣራ የታየው ነገር በየቤታችንም ይታያል። በሱቅ መብራት የተመረጠ ጥለት ከቤት ሲደርስ ሌላ ቀለም የሚሆነው ሻጩ ሁልጊዜ አታልሎ አይደለም፤ መብራቱ ነው። እንግዲህ የቤት እመቤት ጨርቅ ስትገዛ ዋጋውን ከመክፈሏ በፊት ወደ ደጅ አውጥታ በቀን ብርሃን ትመልከተው። ለልብስ ማስቀመጫውና ለማዕድ ክፍሉም አምፖል ስትመርጥ፥ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ይህ ቍጥር 90 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን ታረጋግጥ። በብርሃን ብዛት ብቻ አትርካ፤ ብዙ ብርሃን እየሰጠ ቀለምን የሚያሳስት መብራት አለና።